ታላቁን ጉዞ የምታሰናዳው ትንሽ ሎኮሞቲቭ



በጎንደር ነገሥታት ዘመን ይፋግ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከእንዲህ ያለው ገበያ ሲራራው ከመነሣቱ አስቀድሞ ድካም የበዛበት፥ ምስጋና ግን የማያገኝ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ጭነትን መለየት ነው። አሞሌው ለብቻ፥ ማሩ ለብቻ፥ ሸማው ለብቻ ይሆናል። በቅርቡ ሰፈር የሚራገፈውም ሩቅ ከሚሄደው ይለያል። ይህን ሳያደርግ የተነሣ ነጋዴ በየመንገዱ ሲፈታና ሲያስር ይመሽበታል።

በምድር ባቡርም ነገሩ እንዲሁ ነው። ረጅሙን መንገድ የሚሄደውን ባቡር ሁሉም ያየዋል። በእንፋሎት ዘመን ግን ከእርሱ በፊት በጣቢያው ግቢ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ፉርጎዎቹን የምትለይ፥ የምታሰልፍና የምታያይዝ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ነበረች። ዛሬ የእንግሊዞችን አሠራር ምሳሌ አድርገን ስለዚህች ሠራተኛ ጥቂት እንናገራለን።

ፉርጎ አሰላፊዋ ለፍጥነት ሳይሆን ለጉልበት የተሠራች ናት። መንኰራኵሮችዋ ትናንሽ ስለ ሆኑ ፍጥነትዋ ቢቀንስም የመጎተት ኀይልዋ ይበረታል። በብረት ዘንግ እርስ በርሳቸው ስለ ተያያዙም ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ፤ አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉት ነው። ውሃዋን ከኋላ በሚጎተት ጋሪ አትይዝም፤ በበቅሎ ጀርባ ላይ እንደ ተጫነ ኮርቻ፥ በእንፋሎት ማፍያው ላይ ግራና ቀኝ የወረደ የውሃ ጋን ተሸክማለች። በዚህ ጥበብ የውሃው ክብደት ራሱ መንኰራኵሮቹን በሐዲዱ ላይ አጥብቆ ይይዛቸዋል። አካልዋም አጭር ስለ ሆነ በጠባብ ኩርባ ትዞራለች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትሠራለች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943፥ በሊድስ ከተማ የነበረው የሀንስሌት ፋብሪካ ባለ ስድስት መንኰራኵር ፉርጎ አሰላፊ ለጦር ሠራዊቱ አወጣ። ክብደትዋ 48 ቶን ያህል ነበረ። እስከ 1964 ድረስ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች 485 ያህል ተሠርተው፥ ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ በከሰል ማዕድን ማውጫዎች አገለገሉ።

ይሁን እንጂ እንፋሎት ዕዳ ነበረበት። እሳቱ ከሥራው ብዙ ሰዓት አስቀድሞ ይለኰሳል፤ ሎኮሞቲቭዋ ቆማ ተራ ስትጠብቅም ከሰል ትበላለች። ስለዚህ ናፍጣ ቦታዋን ወሰደ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ምድር ባቡርም በዋና መስመሮቹ በእንፋሎት መጠቀሙን በነሐሴ 1968 አቆመ።

ከዚያ ልክ 100 ዓመት በፊት፥ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ለአገራችን ታሪክ ባዕድ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠራዊታቸው በገመድ እየጎተተ፥ ገደል እየናደና መንገድ እየጠረገ ወደ መቅደላ ያደርሰው ነበር። በዚያው ወራት የጄኔራል ናፒየር ጦር፥ ዛሬ በኤርትራ ግዛት በምትገኘው በዙላ፥ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ሐዲድ ዘርግቶ፥ ከሕንድ በመርከብ ባመጣቸው ሎኮሞቲቮች ስንቁን ያጓጉዝ ነበር። ሐዲዱ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዘመቻው ሲያበቃም ተነቅሎ ሄደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ባለ እጆች እንዲላኩላቸው ጠይቀው ነበር። የፈለጉት ጥበብ ግን አስተማሪ ሆኖ ሳይሆን የጠላት ስንቅ ተሸካሚ ሆኖ መጣ። የጋፋት ልጆች ክንድም ፈቃድም አላነሳቸውም፤ የጎደላቸው ክንዱን የሚያሳርፍ መንገድና ሥራውን አስቀድሞ የሚያሰናዳ መሣሪያ ነበር።

ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ፥ ታላቁን ባቡር ስታደንቁ በግቢው የቀረችውን ትንሽ ሠራተኛ አትርሱ። ጥበብ የሚጀመረው ከማደራጀት ነውና፥ ብሎን ማጥበቅን፥ ዘንግ ማቃናትን፥ ዕቃን በየቦታው መለየትን አትናቁ። በማለዳ ጭነቱን በሚገባ ያሰናዳ ነጋዴ ማታ ከሰፈሩ ይደርሳል።