የተመረዘ መሬት ይድናል ወይ?



ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጽሑፍ ራሳችሁ ለማንበብ በመብቃታችሁ ደስ ብሎናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መሬት ነው። ስለ መሬት እንኳ እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። መሬት ሲደክም ታሳርፉታላችሁ፤ ፍግ ትበትኑበታላችሁ፤ ዘር ትቀያይሩበታላችሁ። የደከመ መሬት እንዲህ ሆኖ ይበረታል። የተመረዘ መሬትስ ምን ይደረጋል?

በከተማ ፋብሪካ ይተከላል። የተቃጠለ ዘይት፣ ሬንጅና ልዩ ልዩ ኬሚካል በጓሮው ሲደፋ ይኖራል። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰዎቹ ይሄዳሉ፤ መርዙ ግን እዚያው ይቀራል። ዝናብ ሲዘንብ ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ሕፃናት አፈሩን በእጃቸው ነክተው ወደ አፋቸው ያደርሱታል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአሜሪካ አገር፣ ሲያትል በምትባል ከተማ፣ ከሐይቅ ዳር አንድ የጋዝ ፋብሪካ ነበረ። ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገር። ፋብሪካው ከ1906 እስከ 1956 ድረስ፣ መጀመሪያ ከድንጋይ ከሰል፣ በኋላም ከዘይት ጋዝ እያወጣ ለከተማው ያከፋፍል ነበር። የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ። ስፋቱ 8 ሄክታር ያህል፣ በእኛ ልክ ወደ 30 ጥማድ የሚሆነው ቦታ በሬንጅ ተጨማልቆ ቀረ።

የከተማው አስተዳደር ቦታውን መናፈሻ ለማድረግ አሰበ። ሪቻርድ ሃግ የሚባል የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ሥራውን ያዘ። በጣም የተበላሸው አፈር ተዝቆ ወጣ። ፍርስራሹ በአንድ ቦታ ተከምሮ በንጹሕ አፈር ተሸፈነና ጉብታ ሆነ። በቀረው መሬት ላይ ሰጋቱራና ከከተማው ፍሳሽ የተገኘ ዝቃጭ ተበትኖ ታረሰ። እንዴት ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ፍግን የሚያበሰብሱት እነሱ ናቸው። ምግብና አየር ሲያገኙ ይበዛሉ፤ ዘይቱንም ቀስ በቀስ እየበሉ ያጠፉታል። እናንተ ማሳችሁን ስታርሱና ፍግ ስታለብሱ የምትሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መናፈሻው በ1975 ለሕዝብ ተከፈተ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1984 አፈሩ ሲመረመር መርዝ ስለተገኘበት ለጊዜው ተዘጋ፤ እንደገናም ንጹሕ አፈር ተደርቦበት ተከፈተ። ከዚያ በኋላም ከመሬት በታች ያለውን ለማጽዳት አየር በቧንቧ እየተነፋ ሲሠራ ቆይቷል። ከዳር ያለው የሐይቁ ወለል ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላም ጸድቶ አላለቀም። ስለዚህ ሰዎች በሣሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ፤ በዚያ ዳር ግን መዋኘት ክልክል ነው።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። ነፍሳቱ ዘይት ይበላሉ እንጂ እርሳስንና ሜርኩሪን አይበሉም። እነዚህ አይበሰብሱም። ወይ ተዝቀው ይወጣሉ፣ ወይ በደንብ ተሸፍነው ይጠበቃሉ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሣርና ዛፍ ቢተከል ደግ ነው፤ ጎመንና ድንች ግን አይተከልም።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ቦታ፣ ለ50 ዓመት ያህል የከተማው ቆሻሻ ሲጣል ኖሯል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር መኖሪያ የሠሩ ድሆች ነበሩ። ቆሻሻ የሚደፋው ሁሉ ነው፤ የሚከፍለው ግን አጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የተመረዘ መሬት ሊድን ይችላል፤ ስለዚህ ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም። ሁለተኛ፣ ላዩ ለምልሟል ተብሎ ብቻ አይታመንም፤ መመርመርና መጠበቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ማበላሸት ቀላል ነው፤ ማዳን ግን የልጅ ልጅ ዕድሜ ይፈጃል።

እኛም በየመንደራችን የምናደርገው አለ። የፀረ ተባይ ዕቃ በምንጭና በወንዝ አይታጠብ። ባዶው ጀሪካን ውሃ አይቀዳበት። የተረፈው መድኃኒት በማሳ ዳር አይደፋ፤ የግብርና ባለሙያ ይጠየቅበት። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለመሬትም ይሠራል።