የታጨደ ጓሳ፣ የተቆረጠ ልብ

የዛሬው ርዕሳችን የልብ እድሳት ነው። የልብ እድሳት ማለት የተጎዳ ልብ አዲስ ጡንቻ ሲያበቅል ነው። የእኛ ልብ ይህን እምብዛም አይችልም። የሞተውን ቦታ ጠባሳ ይሸፍነዋል፤ ጠባሳ ደግሞ ደም አይረጭም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ፖስ ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ነገር አሳየ። ዜብራፊሽ ከምትባል ትንሽ ዓሣ ልብ ላይ ቁራጭ አነሱ። በሁለት ወር ገደማ ልቧ መልሶ ሞላ!

ታዲያ አዲሱ ጡንቻ ከየት መጣ? ከስቴም ሴል፣ ማለትም ሥራው ገና ካልተለየ ሕዋስ ይሆን? ፖስም በአንድ ወቅት ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ግን የራሱ ቤተ ሙከራ ሐሳቡን አረመ። ለእኔ ከግኝቱ በላይ የሚደንቀው ይህ ራስን ማረም ነው።

እስቲ የመንዙን የጓሳ ሳራችንን አስቡት። እንዳይታጨድ የተጣለው ክልከላ ተነሥቶ ሳሩ ሲታጨድ፣ መልሶ የሚያድገው ከአዲስ ዘር ሳይሆን ከቀረው ግርጌ ነው። የዓሣዋም ልብ እንደዚያው ነው፤ የተረፉት የጡንቻ ሕዋሳት ራሳቸው ይባዛሉ።

በሰው ላይ የልብ እድሳት ገና ምርምር ነው። ስለዚህ ልብ ሳይጎዳ መጠበቁ ይሻላል፤ ወላጆች፣ የልጆቻችሁን የጉሮሮ ቁስለት ችላ አትበሉ። ካልታከመ የልብ በሮችን ሊጎዳ ይችላልና ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።