የዳኛው እጅ ምን ይላል?

የሃይስኩል ቅርጫት ኳስ እንደምዳኝ የምታውቁ ወላጆች ዘወትር አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፦ «በቴሌቪዥን የምናየው የኮሌጅ ዳኛ እጁን አሳርፎ ይቆማል፤ የልጆቻችን ዳኛ ምን ሆኖ ነው እጁን የሚያወዛውዘው?» መልሱ አጭር ነው፤ ሰዓት ስለሌለው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱም ጋ አንድ የሆነውን ልንገራችሁ። ፊሽካ ተነፍቶ ቡጢ ወደ ላይ ከተነሳ ፋውል ነው። መዳፍ ተዘርግቶ ከተነሳ ግን ፋውል ያልሆነ ጥፋት ነው፤ ኳስ ይዞ መራመድ ወይም ኳስ ከሜዳ ማስወጣት ይሆናል። ሁለት እጅ ወገብ ላይ ከሆነ ተከላካዩ መንገድ ዘግቷል፤ አንድ እጅ ከጭንቅላት ኋላ ከሄደ ደግሞ ኳስ የያዘው ተከላካዩን ገጭቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ መወዛወዙ እንምጣ። ኮሌጅ ከቅርጫቱ በላይ የ30 ሰከንድ ሰዓት አለ። ኳሱን ከራስ ሜዳ ለማውጣት የተሰጠው 10 ሰከንድ ከዚያው ይነበባል። በብዙ የሃይስኩል ሜዳ ግን ያ ሰዓት ስለሌለ ዳኛው በየሰከንዱ ክንዱን እየወዘወዘ ራሱ ይቆጥራል። ተከላካይ በ6 ጫማ ውስጥ ቀርቦ ሲጠብቅም እንዲሁ ነው፤ አጥቂው ኳሱን ሲይዝ 5 ሰከንድ፣ ሲያነጥር ደግሞ ሌላ 5 ሰከንድ ይቆጠርበታል። በወንዶች ኮሌጅ እያነጠረ ላለ ተጫዋች የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ2015-16 የውድድር ዘመን ጀምሮ ቀርቷል፤ ኳሱን በእጁ ሲይዝ ብቻ ነው የሚቆጠርበት።

የማልያ ቁጥርም የእጅ ነገር ነው። ዳኛው ወደ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ዞሮ ቁጥሩን በጣቶቹ ያሳያል፤ ቀኝ እጁ አሥሩን፣ ግራው አንዱን። ከጠረጴዛው ሲታይ ልክ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አንድ እጅ ያለው 5 ጣት ስለሆነ፣ ሃይስኩል ማልያ ላይ ከ6 እስከ 9 ያሉ አኃዞች አይፈቀዱም። ኮሌጅ ግን እ.ኤ.አ. ከ2023-24 ጀምሮ እስከ 99 ፈቅዷል። ልጃችሁ 7 ቁጥር አልተሰጠኝም ብሎ ቢያኮርፍ አሰልጣኙን አትውቀሱ።

ነጻ ውርወራው ላይም ልዩነት አለ። የወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ ሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሽ ነው። በአጋማሹ ከ7ኛው የቡድን ፋውል አንስቶ ዳኛው በሁለቱም እጅ አንዳንድ ጣት ያነሳል፤ የመጀመሪያው ከገባ ብቻ ሁለተኛው ይወረወራል። ከ10ኛው ጀምሮ ግን ሁለቱም ይሰጣሉ። በሃይስኩል ብሔራዊ ደንብ ያ «የመጀመሪያው ከገባ ብቻ» የሚለው እ.ኤ.አ. ከ2023-24 ወዲህ ቀርቶ፣ በየሩቡ ከ5ኛው ፋውል ጀምሮ ሁለት ውርወራ ሆኗል፤ ስለዚህ የምታዩት በአንድ እጅ የተነሱ ሁለት ጣቶች ነው። የሴቶች ኮሌጅም በየሩቡ ከ5ኛው ነው የሚጀምረው።

እስኪ ልሞክራችሁ። ቡጢዬን አነሳሁ፤ እጄን ከጭንቅላቴ ኋላ አደረግሁ፤ ወደ ጠረጴዛው ዞሬ በቀኝ እጄ ሁለት፣ በግራ እጄ ሦስት ጣት አሳየሁ። ምን ተፈጠረ?

ጎበዞች! 23 ቁጥር ኳስ ይዞ ገጭቷል። ነጻ ውርወራ የለም፤ ኳሱ የሌላው ቡድን ነው። አሁን ቡናው እስኪደርስ ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።