የተገጠመ ዕቃ ነቅሎ ስለሚሄድ ኮንትራክተር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ንግግር)



ከገርጂ እስከ ሲ.ኤም.ሲ. ቤት ያሳደሰ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ባለቤቱ «ሥራው ተበላሽቷል፣ ቀሪውን አልከፍልም» ይላል፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ ሰው በሌለበት ሰዓት መጥቶ የገጠመውን በርና መስኮት ነቅሎ በአይሱዙ ይጭናል። አንዲት አባላችን በር በሌለው ቤት ከነልጆቻቸው ሦስት ሌሊት ሲጠብቁ አድረዋል። ሒሳቡስ ይቅር፣ ልጆቹ ምን አደረጉ?

«ካልተከፈለው ዕቃው የሱ ነው» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። እኛ አንስማማም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1132 ከቤቱ ጋራ የተያያዘና ቤቱን ሳያበላሹ የማይነቀል ነገር የቤቱ ክፍል ነው ይላል። ሳይተከል የተቀመጠ የውኃ ታንከር ሊያከራክር ይችላል፤ ቢሆንም በእጃችን ያለ ነገር ነውና ዝም ብሎ አይወሰድም። ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ከሶ ይጠይቅ።

ሲነቅል ከተደረሰበት ቁጥር 1148 እዚያው መከላከልና ማስጣል ይፈቅዳል። ግን ከልክ ማለፍ የለም፣ ዱላው ይቅር! ይዞ ከሄደ በቁጥር 1149 ዕቃው እንዲመለስና ኪሣራ እንዲከፈል ይከሰሳል። ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ይኸው ነው። ጥሩነቱ፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው ማን ይዞት እንደነበረና ማን እንደወሰደው ነው፤ ተከሳሹ መብቱን ወዲያውኑ በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ ዕቃው ይመለሳል። ጊዜው ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። «ሽማግሌ ይዘናል» ሲባል ያልፋል። ሽማግሌ መልካም ነው፣ ቀኑን ግን ቁጠሩ።

ዕቃው ለሌላ እንዳይሸጥ ካሠጋ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት በቃለ መሐላ አስደግፎ እግድ መጠየቅ ይቻላል።

ደግሞ አንዳንዶቻችን የሠራተኛውን መሰላልና ድሪል ቆልፈን «አንሰጥም» እንላለን። ይህ በምን ይለያል? እሱም በዚያው ቁጥር ሊከሰን ይችላል።

ውል፣ ደረሰኝ፣ ሥራው ሲያልቅ የተነሳ ፎቶግራፍ፣ ሲጫን ያየ ሰው ስም ይዞ ለሚመጣ አባል አቤቱታ በማጻፍ እናግዛለን፤ ለክርክሩ ጠበቃ ማማከር ይሻላል። የጥበቃ ሠራተኞቻችንም የተነቀለ በርና መስኮት የጫነ መኪና ሲያዩ፣ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ለቤቱ ባለቤት እንዲደውሉ ነግረናቸዋል።