የላላ የበር ማጠፊያን ስለ መጠገን የተሰጠ ገለጻ



ከመሀል አዲስ አበባ ተነሥቶ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በቦሌ አራብሳ የሰፈረ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚሻው የሚቈለፍ በር ነው። በሩ ካልገጠመ ንብረቱን ትቶ ወደ ሥራ ሊወጣ አይችልም። የእንጨት በር ክብደት ይበልጡን የሚስበው የላይኛውን ማጠፊያ ስለሆነ፣ ብሎኑ የነከሰው እንጨት ተበልቶ ቀዳዳው ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ወፍራም ምስማር መምታት መቃኑን ይሰነጥቃል እንጂ አያጠናም።

የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። በሩ ከሥሩ በሽብልቅ ይደገፋል፤ ብሎኑ በካቻቢቴ ይፈታል። የክብሪት እንጨት ወይም ደረቅ ስንጥር ኮላ ተቀብቶ ቀዳዳው እስኪጠብቅ ድረስ ይጠቀጠቃል፤ ትርፉም ይቈረጣል። ኮላው አድሮ ሲደርቅ፣ ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያ ተበስቶ ያው ብሎን ይመለሳል። እጅግ የሰፋ ቀዳዳ ተስተካክሎ ተሰርስሮ በወይራ ችካል ይደፈናል። የበሰበሰ እንጨት ወይም የፈረፈረ ቺፑድ ግን ስንጥር አይዝምና ክፍሉ በጤናማ እንጨት መተካት ይኖርበታል።

ስለዚህ ለሠፋሪዎች የሚታደል ቁሳቁስ ሲዘረዘር፣ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ነዋሪዎች በጋራ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የእጅ መሰርሰሪያና ጥቂት ኮላ ሊታከልበት ይገባል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ በሩ የገጠመለት አባወራ ግን ያለ ሥጋት ውሎ ይገባል።