የጓሮ መንገድ

ዛሬ የቀሰቀሰኝ የግቢያችን በር ሲንጓጓ ነው። ከኋላችን ያሉት እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሲወጡ። ቤታቸው ወደ ዋናው መንገድ ሌላ መውጫ የለውም፤ በጤና አዳሜና በጌሾዬ መሀል ነው የሚያልፉት።

ባለፈው ክረምት ቁልፉን ልቀይር ነበር። ገና ብቅ ያለውን ጎመኔን ጭቃ ያዘለ ጫማ ረግጦት አገኘሁ፤ ንዴቴ አይጣል! ሕጉ ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ የሌለው ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተመጣጣኝ ካሳ እየከፈለ ጎረቤቱን ማለፊያ መጠየቅ ይችላል ይላል። ታዲያ የጎመን ካሳ ስንት ነው? እትዬን ስንት ብር ልበላቸው?

አልጠየቅኳቸውም። ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር ሆነን አጥሩን ተከትለን ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርን፤ ዘንቢል ይዞ ለሚያልፍ ሰው ይበቃል። ሁለት መስመርም ጽፈን ተፈራረምን፤ ነገ ልጆቻችን «ማን ፈቀደላችሁ?» እንዳይባባሉ። የለመንኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሻው እንዳይወጣ ሲያልፉ በሩን መለስ እንዲያደርጉት።

ዛሬ አልመለሱትም። ውሻው ግን ደፉ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያቸው።