ስለ ዓሣ ማባበያ ቀለም
በኢዲዶ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዓሣ ማባበያ ቀለም ነው። የቡናና የእንሰት አገር ሰው ስለ ዓሣ ምን ገዶት የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከጌዴኦ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ መድረሻው አባያ ሐይቅ ነው፤ ወደ ቈላ ወርዶ በሐይቅ ዳር እንጀራውን የሚፈልግ ልጅም አይጠፋም። ከዚህም በላይ ነገሩ ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም ለማስተማር የሚመች ስለ ሆነ፥ መምህራን ቢሰሙት ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ።

መንጠቆን፥ በመጽሐፍ መቃጥን የሚባለውን፥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጫፉ ትል ወይም ትንሽ ዓሣ ይሰካበታል። ማባበያ የምለው ግን በእውነተኛው መብል ፈንታ ከእንጨት፥ ከብረት፥ ከላባ ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ፥ ቀለም ተቀብቶ፥ በውሃ ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ነው። ይህም የሚይዘው ሌላውን ዓሣ አሳድዶ የሚበላውን ነው፤ በአባያና በጫሞ የሚገኘው፥ ሲያድግ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችለው ነጭ ዓሣ ከዚህ ወገን ነው። ቆሮሶ ግን ብዙውን ጊዜ በውሃ ውስጥ የሚበቅሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች ስለሚመገብ ለእንዲህ ያለው ነገር እምብዛም አይታለልም።

ስለ ቀለም ምርጫ ብዙ የሚከራከሩት የጨው ባሕር አጥማጆች ናቸውና፥ አስቀድመን የእነርሱን ነገር እንመልከት። አገራችን ከ1985 ዓ.ም ጀምሮ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፥ ቀይ ባሕርን በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ዛሬም አለ።

የፀሐይ ብርሃን ለዓይን ነጭ ይመስላል እንጂ፥ በቀስተ ደመና እንደምናየው የብዙ ቀለም ድብልቅ ነው። ቀይ ጨርቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው ከዚህ ድብልቅ ቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚሰጥ ነው። ቀይ ብርሃን ያልደረሰው እንደ ሆነ ግን የሚመልሰው የለውምና ጥቁር ይመስላል። ንጹሕ ባሕርም ከብርሃን ሁሉ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው፤ ዐሥር ሜትር ያህል ከወረዱ በኋላ ከቀዩ የሚቀረው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ቢጫው እየደከመ ይሄዳል፤ እጅግ ርቆ የሚወርደው ሰማያዊው ነው። ስለዚህ ጠላቂ ሰው በጥልቅ ሳለ እጁ ቢቈስል ደሙ ቀይ ሆኖ አይታየውም። በጥልቁ ባሕር የሚኖሩ ብዙ ፍጥረታት መልካቸው ቀይ ነው፤ ስለምን ቢሉ፥ በዚያ ስፍራ ቀይ መሆን መሰወር ነውና።

እንግዲህ በንጹሕ ባሕር ማባበያውን በጥልቅ የሚጥል ሰው ቀዩን ቢመርጥ፥ ሳያውቅ ጥቁር መረጠ ማለት ነው፤ ሰማያዊ ወይም ነጭ ይሻለዋል። የባሕሩ ውሃ አረንጓዴ በሆነበት በጠረፍ አጠገብ ግን ቢጫና አረንጓዴ ይጐላሉ። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ደግሞ ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲመለከት ማባበያውን በሰማዩ ብርሃን ላይ እንደ ጥላ ያየዋልና፥ ጥቁሩ ከሁሉ ይበልጣል። ይህን የሚመስል ነገር እናንተም በቡና ለቀማ ጊዜ ታያላችሁ፤ ሲመሻሽ የቀላው ፍሬ ፈጥኖ ይጠቁራል፥ ቅጠሉ ግን ገና ይታያል። ይህኛው ከብርሃኑ ማነስ የተነሣ ከዓይን የሚመጣ ነው።

ከባሕር ወደ አባያ ስንመለስ ሕጉ ይገለበጣል። የአባያ ውሃ እንደምታውቁት ቀላ ያለ ነው፤ ከማይዘቅጥ ደቃቅ ሸክላ አፈር ጋር ተደባልቋልና። በእንዲህ ያለ ውሃ አስቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ብርሃን ሲሆን፥ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀላ ያለው ነው፤ እርሱም ሩቅ አይሄድም። በባሕር የተመሰገነው ሰማያዊ ማባበያ በአባያ ጥቁር ይሆናል። ቀዩን ልምረጥ የሚልም አይጠቀምም፤ በቀይ ውሃ ውስጥ ቀይ ነገር ከውሃው ጋር ይመሳሰላልና። በጧፍ ብርሃን ብራና ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የጧፉ ብርሃን ወደ ቅላት ስለሚያደላ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም ደብዘዝ ሲል፥ ጥቁሩ ጽሕፈት ግን ጐልቶ ይነበባል።

በእኔ አስተያየት በአባያ ማባበያ የሚጥል ሰው ስለ ቀለሙ ዓይነት ብዙ ከመጨነቅ ይልቅ ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን ያለበትን ቢይዝ ይበጀዋል። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ግን እውነተኛውን መብል በመንጠቆው ይስካ። ዓሣ በጎኑና በጎኑ ባለው መሥመር የውሃውን ንቅናቄ ይሰማል፤ አምባዛም በጢሙ ዳስሶና ጣዕሙን ለይቶ በጨለማ መብሉን ያገኛል። በደፈረሰ ውሃ ላለ ፍጥረት ቀለም ትንሽ ነገር ነው። በሱቅ ያማረው ቀለም የገዢውን ዓይን ደስ ያሰኛል፤ የሚፈርደው ግን ዓሣው ነው። የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ብቻ ከአባያ የሚለየው ጫሞ ከአባያ ይልቅ የጠራ ስለ ሆነ፥ በዚያ ቀለም መምረጥ የበለጠ ዋጋ አለው።

የአባያ ቅላት ከየት መጣ ቢሉ፥ ብላቴ፥ ጊዳቦና ገላና ከየአቅጣጫው ይዘውት ከሚመጡት አፈር ነው። ሁሉም የሰው ጥፋት ነው አልልም፤ አፈር በተፈጥሮውም ይወርዳል። ነገር ግን ዛፉ የተቈረጠበት ቁልቁለት የሚለቀው አፈርና፥ እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርበው የሚበቅሉበት ቁልቁለት የሚለቀው አፈር እኩል አይደለም። የጌዴኦ አባቶች የተከሉት እንዲህ ያለው መሬት በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ያ ዛፍ ቢወድቅ ባለ ማሳው አፈሩን ያጣል፤ አጥማጁም በባሰ ድፍርስ ውሃ ይቸገራል።

አሁን ለመምህራን የምለው አለኝ። አንጄሎ ሴኪ የተባለ የኢጣልያ ካህንና የከዋክብት መርማሪ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም፥ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ከመርከብ ወደ ሜዲተራንያን ባሕር እያወረደ፥ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። ሐይቅ የሚመረምሩ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ይህንኑ ነው። እናንተም መርከብ አያስፈልጋችሁም። ዝናብ በወረደ ማግሥት ከወንዝ ድፍርስ ውሃ አስቀድታችሁ በበርሜል ሙሉ። በቀጭን እንጨት ጫፍ በተራ ነጭ፥ ቀይ፥ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ እሰሩ፤ ጨርቁ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ልጁ እንጨቱን ቀስ ብሎ ያውርድ፥ ውሃው የደረሰበትንም በጣቱ ይዞ በማስመሪያ ይለካ። አስቀድሞ ግን የትኛው ቶሎ እንደሚሰወር እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ። በበጋ ወንዙ ሲጠራ ሥራውን ድገሙና ሁለቱን ልክ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። ውሃውን ከሞላ ወንዝ የሚቀዱት ትልልቆቹ ይሁኑ፤ ሕፃናቱ ወደ ዳር አይቅረቡ።